ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

አጋሰሱ በመንዝ የጓሳን ሣራማ ሜዳ አፋፍ ወጥቶ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲቀበለው ቀጥ ብሎ ቆመ። አዛለች ከፊት ሆና በልጓሙ ጎተተችው፤ ትርሲት ከኋላ ሆና በአርጩሜ ቸብ ቸብ አደረገችው፤ ጌታነሽ ደግሞ ከጎኑ ቆማ እንደ ሰው ለመነችው። ወይ ፍንክች። ጆሮውን አጋድሞ፣ የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወዲያ ማዶ የሚግጡትን በጎች ያይ ጀመር።

«እሱ ላይ አትፍረዱበት» አለች ትርሲት አርጩሜዋን ጥላ። «እኛን አምስት ወር ሙሉ ተራ በተራ ያጎበጠንን ሥራ እሱ በአንድ ጠዋት ብቻውን ተሸከም ተባለ።»

«ከምታወሪ አንድ ጊዜ ብትገፊው ይሻላል» አለች አዛለች።

በአጋሰሱ ጀርባ ላይ ያለው ከበግ ፀጉር በተሸመነ አሮጌ ዝተት ተጠቅልሎ በጓሳ ሣር ገመድ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ከባድ ጥቅል ነው። ቀኑ ጥር ሃያ፣ ዘመኑም ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ኢሕአዴግ ከገባ አምስተኛው ጥር መሆኑ ነው። ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት። ጥቅሉ ዛሬውኑ፣ የዋዜማው ደወል ሳይደወል፣ ከጓሳው ማዶ ካለችው ከጅባራ ማርያም መድረስ ነበረበት።

የጅባራ ማርያም ምዕራባዊ በር ለጓሳ ነፋስ የተጋለጠ ነው። በየዓመቱ በአስተርእዮ ማኅሌት ላይ ነፋሱ ጧፉን ሁሉ እፍ እያለ ሲያጠፋው ካህናቱ ከሚዘምሩበት ጊዜ ይልቅ ክብሪት የሚጭሩበት ይበዛል። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር ጽዮን ዕለት የሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ለበሩ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም መጋረጃ እንዲሰቀል ወሰነ። ሦስቱ ልጃገረዶች ይህን ሲሰሙ ከመስከረም ጀምሮ የያዙትን የስጋጃ ሥራ ለበሩ ልክ አድርገው እንደሚጨርሱት ለጉባኤው ላኩ። መልእክቱን የሰማው ሰው ግማሹ ተገረመ፤ ግማሹ ሣቀ። በመንዝ የበግ ፀጉር የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ዝተቱንና በርኖሱን የሚሸምኑት ግን ወንዶች ናቸው። ሴት ድርና ማግ ፊት ተቀምጣ አትታይም ነበር።

እነዚህ ሦስቱ ግን ተቀመጡ። ነገሩን የጀመረችው አዛለች ናት። በአሥራ አምስት ዓመቷ ለቤት ሠራተኝነት ደብረ ብርሃን ወርዳ፣ የሰው ልጅ ስታዝል፣ የሰው ልብስ ስታጥብ ቆይታ፣ በመጨረሻ ስጋጃ ከሚሠራበት አንድ ቤት የበግ ፀጉር አጣቢ ሆና ተቀጠረች። እጇ ፀጉር እያጠበ ዓይኗ ቋጠሮ ይማር ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ የብረት ማበጠሪያና አንድ ጫፉ የተቆለመመ መርፌ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ አገሯ ተመለሰች። ትርሲት ደግሞ እናትም አባትም የሌላት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ለሸማኔው ለይታየው ስትፈትል ያደገች ናት። ስትናገርም፣ ስትሄድም፣ ስትሥቅም እንዝርቷ አያርፍም። ጌታነሽ ስድስተኛ ክፍልን ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ጨርሳ አባቷ በሞቱ ጊዜ ቤት የቀረች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ያለው መሐል ሜዳ ነው፤ ለዚያ ቤት ኪራይና ስንቅ ያስፈልጋል። እናቷ አቅሙ የላቸውም፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ ደብተሮቿን ሳጥን ውስጥ ከታ በልቧ «በሚቀጥለው መስከረም» እያለች ሁለት መስከረም አሳልፋለች። አሁን ግን ስጋጃ እየሠራች ሸጣ የምትሄድበት መንገድ ታይቷታል።

መንገዱ በመጋዘኑ በኩል ነው የሚያልፈው። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ማኅበር ያሠራው ባለቆርቆሮ መጋዘን ነበር። መንግሥት ሲወድቅ የማኅበሩ አባላት በሬውን፣ ድጅኖውን፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ተካፍለው ወሰዱ፤ ግድግዳውና ቆርቆሮው የተረፉት ማን ይውሰዳቸው በሚለው ገና ስላልተስማሙ ነው። ቀበሌው በመጨረሻ ለሰበካ ጉባኤው አስረከበው። ልጆቹ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን የእንጨት መሥሪያቸውን ያቆሙት እዚያ ነው። ሌላ የሚበቃ ጣሪያ በአገሩ የለም። ሸማኔው ይታየው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ሲሸምን የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውሃ እየሞላ ስላስቸገረው ያንኑ መጋዘን ሲጠይቅ ቆይቷል። የጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር፣ ከዋናው ይልቅ የሚናገሩት ግራዝማች ፈንታ፣ የልጆቹ መልእክት በደረሰ ጊዜ ከዘራቸውን መሬት መትተው ፈረዱ። «መጋረጃውን በአስተርእዮ ዋዜማ ያምጡ። ሥራው ሥራ ከሆነ መጋዘኑ የእነሱ ነው። እንከን ከተገኘበት ግን ለይታየው ለቀው ወደ እንዝርታቸው ይመለሱ።»

እንግዲህ በአጋሰሱ ጀርባ ላይ ያለው ይህ ሁሉ ነው።

አጋሰሱን በመጨረሻ ያንቀሳቀሰው ከኋላ የመጣ የበቅሎ ኮቴ ነው። በቅሎዋ ላይ የተቀመጡት ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው የጠመጠሙ ቀጭን ሽማግሌ፣ መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ነበሩ። ማኅሌቱን እንዲመሩ ከሌላ ደብር ተጠርተው መምጣታቸው ነው። መሪጌታን በመንዝ የማያውቃቸው የለም። ያለ ቦታው የገባ ፊደል ካዩ እንቅልፍ የላቸውም፤ የመቃብር ድንጋይም ሆነ የቀበሌ ማስታወቂያ ሳያርሙ አያልፉም። በደርግ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተጻፈ መፈክር በከሰል አርመው ሁለት ቀን ታስረዋል። «የፖለቲካ ነገር የለብኝም፤ ዓይኑ ዐ ነው ያለ ቤቱ የገባው» ብለው ቃላቸውን ሰጡና ጠያቂው ሰልችቶት ለቀቃቸው ይባላል።

ልጆቹ ከመንገድ ወጥተው እጅ ነሡ።

«እናንተ ናችሁ የመጋረጃው ልጆች?» አሉ መሪጌታ። «እዚያ ደብር ሳለሁ እንኳ ሰምቻለሁ። እስቲ አሳዩኝ። በግርግር መካከል ከማየው እዚህ ልየው።»

ጌታነሽ ልቧ በደስታ ዘለለ። ገመዱን ፈትተው ጥቅሉን በሣሩ ላይ ዘረጉት። መደቡ ነጭ ነው፤ ዙሪያውን ቡናማ ሐረግ ይዞረዋል፤ ከላይ መስቀል አለ፤ ከመስቀሉ ሥር ደግሞ ከጥቁር በግ ፀጉር የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው ስንዝር የሚሞሉ ፊደሎች ተሰድረዋል። ፊደሎቹን በባለ ካሬ የሒሳብ ደብተሯ ላይ፣ አንዱን ካሬ አንድ ቋጠሮ አድርጋ የነደፈችው ጌታነሽ ነበረች።

መሪጌታ ከበቅሏቸው ወረዱ። ጫፉን ገልበጥ አድርገው ቋጠሮውን አዩ፤ በመዳፋቸው ዳበሱት። «ግሩም ነው» አሉ። «ግሩም ነው ልጆቼ።» ቀጥለው ፊደሎቹን ማንበብ ጀመሩ፤ አፋቸው ተንቀሳቅሶ በመካከል ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ፊደሉን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ የኔታ» አለች ጌታነሽ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ነጠላዋን እያስተካከለች።

«እንዴት በንጉሡ ሠ ጻፍሽው?»

ጌታነሽ ጥያቄው ራሱ ገረማት። «ለእመቤታችን ነዋ የኔታ። አስተማሪያችን ድምፁ አንድ ነው፣ በፈለጋችሁት ጻፉ ብሎናል። እኔ ግን አሰብኩበት። ለእሷማ እሳቱ እንዴት ይሆናል? ንጉሡ ነው የሚገባት አልኩ። አውንም አልፋውን ትቼ ዓይኑን አደረግሁት፤ እንድታየን።»

መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ መጀመሪያ ጢማቸውን ያዙ። ቀጥሎ የበቅሏቸውን አንገት ያዙ። ከዚያ ሣቃቸው አሸነፋቸውና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። ልጆቹ ምኑም አልገባቸውም።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልብሽ ቀና ነው። ነገር ግን በግእዝ ሰአለ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲሆን ለመነ ማለት ነው። ሰአሊ ለነ ቅድስት፣ ቅድስት ሆይ ለምኚልን። ሠዐለ በንጉሡ ሠና በዓይኑ ዐ ሲሆን ግን ሥዕል ሣለ ነው። እናንተ የጻፋችሁት ሠዐሊ ለነ ቅድስት ነው። ቅድስት ሆይ፣ ሥዕል ሣዪልን።»

 ጌታነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ጆሮዋ እስኪግል ደሟ ወደ ራሷ ወጣ። አምስት ወር ሙሉ ሦስት ሰው የሠራበት፣ ጣታቸው እስኪላጥ የቋጠሩት ሥራ፣ በእሷ ብልጠት የእመቤታችን በር ላይ ተሰቅሎ ሥዕል ሣዪልን ሊል ነው። እንከን ከተገኘበት የተባለው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው።

ትርሲት ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ መነቅነቅ ጀመረ። «እሷ እኮ ደግ ናት» አለች። «ከጠየቅናት ትሥልልን ይሆናል።»

«ዝም በይ አንቺ» አለች አዛለች፤ ወዲያው ግን እሷም ሣቋ አመለጣት። በጓሳው አናት ላይ ጌታነሽ እያለቀሰች፣ ሁለቱ እየሣቁ፣ ከዚያም እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ሦስቱም እየሣቁ ቆሙ።

ሣቁ ሲበርድ አዛለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነገሩን መረመረችው። ቋጠሮው በመርፌ ይነቀላል፤ በቦታውም ሌላ ይቋጠራል። ነጭ ክር በትርሲት እንዝርት ላይ አለ። ያነሰው ጥቁሩ ነው፤ የተነቀለው ቁርጥራጭ ዳግም አይቋጠርም። ጥቁር በግ በአገሩ ጥቂት ነው፤ የነበረውን ፀጉር አንዲት ክር ሳትቀር ጨርሰውታል። ቢያገኙ እንኳ መሸለት አለ፣ ማጠብ አለ፣ መንደፍ አለ፣ መፍተል አለ። ዋዜማው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው።

«እኔ የምለው» አለች ትርሲት፣ «ማን ያውቃል? እኛ ሦስታችን አላወቅንም። ግራዝማችም አያውቁም። በዓሉ ይለፍና ቀስ ብለን እናርመዋለን።»

ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞሩ። መሪጌታ እግራቸውን እርካብ ላይ አደረጉ። «ካልጠየቁኝ አልናገርም» አሉ። «ከጠየቁኝ ግን በእመቤቴ ደጅ ቆሜ አልዋሽም። እንዳይጠይቁኝ ጸልዩ።» በቅሏቸውን ቆንጠጥ አድርገው ቀደሙ።

ቀሪውን መንገድ ጌታነሽ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ አለፈቻቸው፤ አላየቻቸውም። ዝም ብንል ይሻላል ትላለች፤ ደግሞ ስህተቱን እያወቅሁ እንዴት እሰቅለዋለሁ ትላለች። ከመጋዘኑ ከወጡ መስከረም እንደገና በሌላ መስከረም ሊተካ ነው። የሁለቱ ጓደኞቿም ዕጣ በእሷ ሁለት ፊደል ተንጠልጥሏል። 

ጅባራ ማርያም ሲደርሱ ቅጥሩ በሰው ሞልቶ ነበር። ከደጀ ሰላሙ ጎን፣ ፀሐይ በሚመታበት ቦታ፣ ግራዝማች ፈንታ ወንበራቸው ላይ ተሰይመዋል። ግራዝማችነታቸውን ያገኙት በጃንሆይ ጊዜ ነው። ደርግ መጥቶ ጓድ ፈንታ አደረጋቸው፤ እሳቸውም አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጓድ ብሎ ለጠራቸው ሰው ሰላምታ ሳይመልሱ ኖሩ። ደርግ ሲወድቅ ሕዝቡ ማንም ሳያዘው ማዕረጋቸውን መለሰላቸው። ዛሬ ማዕረጉን የተቀበሉ ዕለት የለበሱትን ያንኑ ጥቁር የመንዝ በርኖስ ደርበዋል፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። በስተቀኛቸው ቄሰ ገበዝ ወልደ አማኑኤል፣ በስተግራቸው ሸማኔው ይታየው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ከቅጥሩ ጽድ ሥር ሆነው ወደ ሰማይ ያያሉ።

ልጆቹ እጅ ነሥተው ጥቅሉን በሰሌን ላይ ዘረጉት።

ሰዉ ሊያይ ተጠጋጋ። ቀጥሎ የሴቶች እልልታ ከወዲያ በኩል ተነሣ። ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው ዳበሱት፤ «ይህንስ ነፋስ አይደፍረውም» አሉ። ግራዝማች ተነሡ። ዞሩት። በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደዱ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱና «ፊደሉም ልክ ነው» አሉ። ጌታነሽ ትንፋሿ ተመለሰ። ትርሲት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«መልካም ሥራ ነው» አሉ ግራዝማች ለሁሉም እንዲሰማ። «እንከን አላገኘሁበትም።» ከዚያ ወደ ግራ ዞሩ። «ይታየው፣ እጅህ ይባረክ።»

ይታየው ደነገጠ። ዓይኑን ወደ ልጆቹ፣ ከዚያ ወደ መጋረጃው፣ ከዚያ ወደ ሕዝቡ አዞረ። ሰዉ ሁሉ በአድናቆት ያየዋል። ሠላሳ ዓመት ሲሸምን እንዲህ ያየው ሰው አልነበረም። ምስጋናው ጣፈጠው መሰለኝ፣ እኔ አይደለሁም ለማለት የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋና ጢሙን ዳበሰ። «ይመስገን ነው እንግዲህ» አለ።

«ግራዝማች» አለች አዛለች ወደ ፊት ወጥታ፣ «የሠራነው እኛ ነን። ጋሽ ይታየው መጋዘኑን ረግጦት አያውቅም።»

«የኔ ልጅ፣ አትቆጪ» አሉ ግራዝማች በቅንነት። ክፋት አልነበራቸውም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። «እናንተም ፈትላችኋል፤ ድካማችሁ አይካድም። ነገር ግን እዩት፤ አንዲት እንከን የለበትም። ጀማሪ እጅ እንዲህ ጨርሶ አይሠራም። እኔ በዕድሜዬ ስንት በርኖስ አይቻለሁ። ስለዚህ መጋዘኑን ይታየው ይውሰድና እናንተም እዚያው ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ፍተሉለት። ማንም አይጎዳም።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍርዱ ሚዛናዊ መሰላቸው።  ከንግዲህ አዛለች ምን ማስረጃ አላት? ሥራው ማማሩ ራሱ መሰከረባት።

ጌታነሽ ሁለቱን መንገድ መዘነች። ዝም ካለች መጋረጃው ይሰቀላል፤ ማንም አያፍርም፤ መጋዘኑ ግን ሄደ። ከተናገረች እንከን ተገኘ ይባላል፤ መጋዘኑ ያኔም ሄደ። በሁለቱም በኩል ከሄደ፣ ቢያንስ የሠራችውን ሠራች ተብላ ብትወጣ ይሻላታል። ይህን ስታስብ ፍርሃቱ ድንገት ቀለላት።

«እንከን አለበት» አለች።

ግራዝማች ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«እንከን አለበት ግራዝማች። ሁለት ፊደል ተሳስቷል። እሳቱ ሰ መሆን ሲገባው ንጉሡ ነው የገባው፤ አውም እንዲሁ። መሪጌታን ይጠይቋቸው።»

መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ከጽዱ ሥር ሲመጡ እንደ ሙሽራ አባት ደስ ብሏቸው ነበር። መጠየቃቸውን ሲጠብቁ ቆይተዋል። ፊደሉን እየነኩ፣ ግሱን እያረቡ፣ ለምኚልን የሚለው እንዴት ሥዕል ሣዪልን እንደሆነ ለሕዝቡ አስረዱ። መጀመሪያ ካህናቱ ሣቁ፤ ከዚያ ለዲያቆናቱ ገባቸው፤ በመጨረሻ ለሁሉም ተተረጎመና ቅጥሩ በሣቅ ተናወጠ።

ግራዝማች ብቻ አልሣቁም። ፊታቸው ጠቁሮ ወደ ይታየው ዞሩ። «ይታየው» አሉ፣ «ምን ነክቶህ ነው እመቤታችንን ሥዕል ሣዪልን የምትላት?»

ይታየው ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሣ። «እኔ? ምን በወጣኝ ግራዝማች። እኔ ሀ ሁ እንኳ የት አውቄ። ይህን ነገር በእጄ አልነካሁትም። በዓይኔም ያየሁት ዛሬ ነው። ጠይቁ፣ ጎረቤቶቼን ጠይቁ። እነሱ ናቸው የሠሩት፤ ድፍን አገር ያውቃል።»

«አሁን ይመስገን ነው አላልክም?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«እግዜርን ነው ያልኩት አባ» አለ ይታየው። «እግዜር አይመሰገንም?»

ይህኛው ሣቅ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ይታየው ራሱ ሳይቀር ሣቀ። ሣቁ እስኪያልቅ ድረስ ግን ነገሩ አልቆ ነበር፤ መጋረጃው የማን እንደሆነ በሕዝብ ፊት፣ በይታየው በራሱ አፍ ጭምር፣ ተመስክሯል።

ግራዝማች ከዘራቸውን መቱ። «ይሁን። እነሱ ሠሩት። እንከን ከተገኘበት ብዬም ፈርጃለሁ፤ ተገኘ።»

«እንከኑን አሁን እናነሣዋለን» አለች ጌታነሽ። ድምፅዋ ራሷን አስገረማት። «ደወሉ ሳይደወል፣ እዚሁ፣ ሰው እያየን። ከደወሉ በፊት ካልጨረስን ግራዝማች እንዳሉት ይሁን። ያነሰን ጥቁር ክር ብቻ ነው።»

ሰዉ ዙሪያውን ተያየ። ጋቢው ነጭ፣ ነጠላው ነጭ፣ ዝተቱ ቡናማ። ከዚያ የሰው ሁሉ ዓይን ቀስ እያለ አንድ ቦታ ላይ ተሰበሰበ። ለመናገር የደፈረችው ትርሲት ናት።

«ግራዝማች» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «በርኖስዎ እንዴት ያለ ጥሩ ጥቁር ነው።»

ግራዝማች በሁለት እጃቸው በርኖሱን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡት። «ይህ የማዕረግ ልብስ ነው» አሉ። «ደርግ እንኳ አልነካውም።»

«ለእመቤታችን ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ ለስለስ ብለው። ለመሟገት የማይመች ነገር ተናገሩ።

ግራዝማች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዩ። ወደ በርኖሱ አዩ። ከዚያ አውልቀው ለትርሲት ሰጧት። «ከጫፉ» አሉ። «ከኋላ በኩል። እንዳይታይ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩ ሰዎች ለብዙ ጊዜ አወሩት። አዛለች በተቆለመመው መርፌዋ ጥቁሮቹን ቋጠሮዎች እያንዳንዳቸውን ከሥራቸው ትነቅላለች፤ ትርሲት ከበርኖሱ ጫፍ የተመዘዘውን ክር ጭኗ ላይ መልሳ ታከርረዋለች፤ ጌታነሽ ባለ ካሬውን ደብተሯን ከፍታ ትቆጥራለች። እሳቱን ሰና አልፋውን አ መሪጌታ በገዛ እጃቸው ነደፉላት። ፊደሉ አምሮ ወጣ፤ ካሬው ግን አልተቆጠረም፣ አንዱ እግር ከሌላው ሦስት ቋጠሮ ረዘመ። ጌታነሽ በትሕትና ላጲስ አንሥታ አረመችው። መሪጌታን ሰው ሲያርማቸው የታየው ያን ዕለት ብቻ ነው ይባላል፤ እሳቸውም «እውነትሽን ነው» ብለው እርሳሱን መለሱላት። ወደ ላይ የተዘረጉት የንጉሡ ሦስት ቅርንጫፎች ተነቅለው ለእሳቱ ሁለት እግር ተተከለለት። ክቡ ዓይን ወገቡን ለቀቀና ቀስ በቀስ አልፋ ሆነ።

ሕዝቡ ከቧቸው ቆሟል። ጥላ ሲያጠሉባቸው አዛለች ሳትነሣ በክርኗ ገፋ ታደርጋቸዋለች። ከሁሉም ቀርቦ የቆመው ይታየው ነበር። መጀመሪያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በመጨረሻ በጉልበቱ ተንበርክኮ ያያል። «ክሩን በየትኛው ድር ነው የምታዞሪው?» አላት አዛለችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በሁለቱም ጋሼ። ከዚያ በመካከል ይወጣል። እየው።»

«ለካ እንዲህ ነው» አለ ይታየው፤ ቅናትም ደስታም ነበረበት።

ጌታነሽ የመጨረሻውን ቋጠሮ አጥብቃ፣ በመቀስ እኩል አድርጋ ከርክማ ቀና ስትል ደወሉ ተደወለ። እሷ ደርሳ ሳይሆን ደዋዩ ጠብቋት ነው የሚሉ አሉ። ቄሰ ገበዙ በእሳቸው ትእዛዝ እንዳልሆነ እስከ ዛሬ ይምላሉ።

ዲያቆናቱ መጋረጃውን ተሸክመው ወደ ምዕራቡ በር ወሰዱት። ሲሰቀል ለማየት ሰዉ ግልብጥ ብሎ ሄደ። ግራዝማች ግን ካሉበት ሳይነሡ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ብቻ ለብሰው፣ ብርዱን ዋጥ አድርገው ፍርዳቸውን ሰጡ። «መጋዘኑ የሠሪዎቹ ነው። ይታየውም መማር ከፈለገ እነሱን ያስፈቅድ።» አዛለችና ትርሲት ተቃቅፈው እልል አሉ። ጌታነሽ ግን አሳቧ ርቆ ሄዶ ነበር። መሐል ሜዳ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ የምትከራየው ጠባብ ክፍል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥቶ ደረቷን ሞላው።

የማኅሌቱ ድምፅ ሲጀመር ግራዝማች በእጃቸው ጠሯት። በርኖሳቸውን ልትመልስ መጣች። ከጫፉ አንድ ጣት ያህል ጎድሏል። ሽማግሌው ግን በርኖሱን አላዩም፤ በሰሌኑ ላይ ክፍት የቀረውን ደብተር ነው የሚያዩት። ሙሉው ጽሑፍ ታርሞ ተነድፎበታል።

«የትኞቹ ናቸው የኔ?» አሉ። «ከኔ በርኖስ የወጡት።»

«ሰ እና አ ናቸው ግራዝማች።»

ግራዝማች ጣታቸውን ዘርግተው በጥንቃቄ አንዱን ፊደል ነኩ። የነኩት ነ ነበር። ጌታነሽ አየች። ጣታቸው ወደ ቀኝ ሄዶ ቅ ላይ አረፈ። አሁን ገባት። ያን ሁሉ ዓመት ማመልከቻ ሲቀበሉ፣ ደብዳቤ ገልጠው ራሳቸውን ሲነቀንቁ የኖሩት እኒህ ሰው ናቸው። አልሣቀችም፤ ይልቁንም አንጀቷን በሉት። ጎንበስ ብላ ጣታቸውን በጣቷ ነካ አድርጋ ወደ መጀመሪያው ወሰደችው።

«ይቺ ናት» አለች በዝግታ። «ቤት ትመስላለች፤ ሁለት እግር ያላት።»

ሽማግሌው የፊደሏን ሁለት እግር በጣታቸው ተከተሉ። «በመሠረተ ትምህርት ጊዜ» አሉ ወደ እሷ ሳያዩ፣ «አስተማሪው ሲመጣ እኔማ ዳዊት እደግማለሁ አልኩት። ደግሞም እደግማለሁ። በቃሌ። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ።»  ማንም እንደማይሰማ ዞር ብለው አዩ። «በዚያ መጋዘን ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ የሚሆን መቀመጫ አይጠፋም?»

«አይጠፋም ግራዝማች» አለች ጌታነሽ። «ግን ቶሎ መጀመር አለብን። እኔ በመስከረም መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ነኝ።»

ግራዝማች ወራቱን በጣታቸው ቆጠሩና ጎደሎውን በርኖሳቸውን ደረቡ።

«ነገ በዓል ነው» አሉ። «እንግዲያውስ ከነገ ወዲያ።»